ፕላስ ማለት ተጨመረ ማለት አይደለም፦ አቶም፣ አዮን፣ አይሶቶፕና ቦንድን ሳይሸመድዱ ለመስራት

ባለፈው አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ሳስጠና ጥያቄው ምን ይላል፣ ሶዲየም 23፣ ቻርጁ ፕላስ አንድ፣ ስንት ፕሮቶን ስንት ኒውትሮን ስንት ኤሌክትሮን አለው? ልጁ ሳያቅማማ 11፣ 12፣ 12 ብሎ ጻፈ። ኤሌክትሮኑ እንዴት 12 ሆነ ስለው "ቲቸር ፕላስ አንድ ይላል እኮ፣ 11 ላይ አንድ ሲደመር 12" አለኝ። ሰነፍ ልጅ እንዳይመስላችሁ፣ የቻርጅ ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ሸምድዶታል፣ ብቻ ቁጥሩ ምን እንደሚቆጥር ማንም አልነገረውም። ከዛ ቀን ወዲህ የማስጠናውን ሁሉ የማስጀምረው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፣ እሱን ልጻፈው ብዬ ነው፣ ለ9ኛም ለፍሬሽማንም ይሆናል፣ ቤት ውስጥ ታናሹን የሚያስጠና ሰው ካለም ይጠቀምበት።

ጥያቄው ምንም ይሁን ምን ደብተራችሁ ጥግ ላይ መጀመሪያ ሶስት ቁጥር ጻፉ፣ ፕሮቶን፣ ኒውትሮን፣ ኤሌክትሮን። ከዛ "ከሶስቱ የተነካው የቱ ነው?" በሉ። ፕሮቶኑ ከተነካ ነገርዬው ሌላ ኤለመንት ሆኗል። ኒውትሮኑ ብቻ ከተነካ አይሶቶፕ ነው። ኤሌክትሮኑ ብቻ ከተነካ አዮን ነው። ኤሌክትሮኑ በሁለት አቶም መሃል ከተላለፈ ወይ የጋራ ከሆነ ደግሞ ቦንድ (አቶሞችን የሚያያይዘው ነገር) ውስጥ ገብተናል። አራት ቻፕተር የሚመስለው ነገር ይቺው ናት።

ፕሮቶን መታወቂያ ነው። አቶሚክ ቁጥር የሚሉት የፕሮቶኑን ብዛት ነው፣ ልክ እንደ ፋይዳ ቁጥር በሉት፣ 11 ፕሮቶን ካለው ሶዲየም ነው አለቀ፣ ኤሌክትሮን ቢያጣም ኒውትሮን ቢጨምርም ሶዲየም ነው። ወርቅ 79 ነው፣ ሜርኩሪ 80፣ በአንድ ፕሮቶን ነው የሚበላለጡት፣ ግን አንዱን ጣታችሁ ላይ ታደርጉታላችሁ ሌላው የድሮ ቴርሞሜትር ውስጥ ሲንከባለል የነበረው ፈሳሽ ነው።

ማስ ቁጥር ደግሞ ፕሮቶን ሲደመር ኒውትሮን ነው፣ ስለዚህ ኒውትሮን ሲጠየቅ ከትልቁ ቁጥር ትንሹን መቀነስ ነው፣ 23 ሲቀነስ 11 እኩል ይሆናል 12። ኤሌክትሮን ለምን አልተደመረም የሚል ልጅ ሁሌ አለ፣ ጎበዝ ጥያቄ ነው። አንድ ፕሮቶን የ1836 ኤሌክትሮን ያህል ይመዝናል፣ አንድ ኩንታል ጤፍ ላይ አንድ እንቁላል አስቀምጡ፣ ሬሾው ወደዛው ነው፣ ነጋዴውም ሚዛኑም ደንታ አይሰጣቸውም። ክብደቱ በሙሉ መሃል ላይ ኒውክለስ ውስጥ ታጭቋል፣ እሱም በጣም ትንሽ ነው፣ ኒውክለሱን የሽምብራ ፍሬ አድርጋችሁ መስቀል አደባባይ መሃል ብታስቀምጡት ኤሌክትሮኖቹ በመቶ ሜትሮች በሚቆጠር ርቀት ላይ ነው የሚገኙት፣ በመሃል ያለው ባዶ ነው። ራዘርፎርድ በፈረንጆቹ 1911 ኒውክለስ አለ ብሎ ያወጀው ስስ የወርቅ ቅጠል ላይ የተተኮሱት ቅንጣቶች አብዛኞቹ ዝም ብለው አልፈው ጥቂቶቹ ብቻ ወደኋላ ስለተመለሱ ነው። ኒውትሮን ግን እስከ 1932 አልተገኘም፣ ቻርጅ ስለሌለው በመሳሪያ ለመያዝ አስቸጋሪ ነበር፣ ቻድዊክ ነው ያገኘው።

ኤሌክትሮን ላይ ሰፋ አድርገን እንቆይ፣ ምክንያቱም ኬሚስትሪ የሚባለው ነገር ከሞላ ጎደል እሱ ነው። ኤሌክትሮኖች ሼል ላይ (በኒውክለሱ ዙሪያ ያሉት ደረጃዎች ማለት ነው) የሚሞሉበትን ሥርዓት በታክሲ ያዙት። ጋቢና ሁለት ሰው፣ ከኋላው ያለው ሼል ስምንት፣ ከዛ ስምንት። ይሄ እስከ 20ኛው ኤለመንት እስከ ካልሲየም ድረስ በትክክል ይሰራል፣ ከዛ በላይ ሶስተኛው ሼል እስከ 18 ስለሚይዝ ይቺን ዘዴ ይዛችሁ ብረት ላይ እንዳትሄዱ። ሶዲየም 11 ነው፣ 2፣ 8፣ 1። ክሎሪን 17 ነው፣ 2፣ 8፣ 7። አሁን ክሎሪንን እዩት፣ ወያላው "አንድ ሰው! አንድ ሰው ነው የቀረው!" እያለ በሩ ላይ የሚጮህበት ታክሲ ነው። ሶዲየም ደግሞ ትርፍ የጫነ ነው፣ አንዷን ቢያወርዳት ቀሪው ልክ ይሆንለታል። እና ያወርዳታል፣ ክሎሪን ይጭናታል።

ታዲያ ሶዲየም ኤሌክትሮን ሲሰጥ ለምን ፕላስ ይሆናል? ኤሌክትሮን ዕዳ ነው ብላችሁ ያዙት። 11 ብር በእጃችሁ አለ፣ 11 ብር ዕዳ አለባችሁ፣ ሒሳቡ ዜሮ ነው። አንድ ብር ዕዳ ሲሰረዝላችሁ ፕላስ አንድ ሆናችሁ፣ ማንም ብር አልጨመረላችሁም፣ ብሩ (ፕሮቶኑ) 11 እንደሆነ ነው። ቻርጅ ማለት ፕሮቶን ሲቀነስ ኤሌክትሮን ነው፣ ሌላ ቀመር አያስፈልግም። ሶዲየም ፕላስ 11 ሲቀነስ 10፣ ክሎራይድ 17 ሲቀነስ 18 ማለትም ማይነስ አንድ፣ አሉሚኒየም ሶስት ፕላስ 13 ሲቀነስ 10። ልጁ ይሄ የዕዳ ነገር ከተነገረው በኋላ አንድም አልሳተም።

ፕላሱን ካታዮን ማይነሱን አናዮን ይሉታል፣ ስሙ ለፈተና ነው። ይበልጥ ልብ ማለት ያለባችሁ ግን ያቺ አንድ ኤሌክትሮን የምታመጣውን ለውጥ ነው። ክሎሪን ጋዝ በ1915 ሚያዝያ ወር ኢፕር የሚባል የቤልጂየም ከተማ አጠገብ ጀርመኖች በጦርነት ወታደር የጨረሱበት መርዝ ነው፣ ክሎራይድ ደግሞ ወጥ ውስጥ ያለው ነው። ሶዲየም ብረቱ ውሃ ከነካው ይቀጣጠላል፣ ሶዲየም አዮን በላባችሁ ይወጣል። ፕሮቶኑ ያው ነው፣ የተነካው ኤሌክትሮን ብቻ ነው። ስለዚህ "ውሃው ፍሎሪን አለበት" ሲባል ስትሰሙ ጋዙ ሳይሆን ፍሎራይድ አዮኑ ነው፣ በስምጥ ሸለቆ ዝዋይና ወንጂ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ጠጥተው ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ የሚሆነው በሱ ብዛት ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይብለጥ ይላል። በልኩ ሲሆን ደግሞ ያው ፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ውስጥ ይጨመራል።

አይሶቶፕ ቀላል ነው፣ ቶሎ እንለፈው ካልኩ በኋላ ሁሌ ልጆቹ የሚወድቁበት ቦታ ስላለ መቆም ግድ ይላል። ፕሮቶኑ እኩል ኒውትሮኑ የተለያየ፣ በቃ ይሄ ነው። የክሎሪን 35 ኒውትሮን 18 ነው፣ የክሎሪን 37 ደግሞ 20፣ ኤሌክትሮናቸው እኩል ስለሆነ በኬሚስትሪ ጠባይ መንታ ናቸው ማለት ይቻላል። ስሙ ከግሪክ "አንድ ቦታ" ከሚለው ነው የመጣው፣ ፔሪዮዲክ ቴብል (የኤለመንቶች ሰንጠረዥ) ላይ አንድ ሳጥን ስለሚጋሩ፣ ሶዲ የሚባለው ኬሚስት በ1913 ሲጠቀምበት ቃሉን ያቀበለችው ማርጋሬት ቶድ የምትባል ሐኪም ነበረች።

የሚወድቁበት ቦታ አማካዩ ነው። ቴብሉ ላይ ክሎሪን 35.45 ይላል፣ ተማሪው 35 እና 37 ደምሮ ለሁለት አካፍሎ 36 ያመጣና "መጽሐፉ ተሳስቷል" ይላል። አልተሳሳተም፣ ሁለቱ እኩል አይደሉም። ከ100 ክሎሪን አቶም 76 ገደማው 35 ነው፣ 24ቱ 37። 76 በ35 ሲባዛ 2660፣ 24 በ37 ሲባዛ 888፣ ድምሩ 3548፣ ለ100 ሲካፈል 35.48። ቀሪዋ ትንሽ ልዩነት የመጣችው ትክክለኛ ክብደታቸው ድፍን ቁጥር ስላልሆነና ፐርሰንቱንም ስላጠጋጋነው ነው። እና አደራ፣ 35.45 የሚመዝን አንድም የክሎሪን አቶም የለም፣ በአንድ ቤተሰብ በአማካይ 3.5 ልጅ አለ ሲባል ግማሽ ልጅ ያለው ቤት እንደማትፈልጉት ነው። ጥያቄው የትኛው አይሶቶፕ እንደሆነ ከነገራችሁ ኒውትሮን የምትቆጥሩት በሱ እንጂ በቴብሉ ቁጥር አይደለም።

አንዳንዱ አይሶቶፕ አይረጋም፣ ይፈርሳል፣ እዚህ ጋር ድንቅነሽን (ሉሲን) ሳላነሳ አላልፍም። ብዙ ሰው ዕድሜዋ በካርቦን 14 የተለካ ይመስለዋል። አይደለም፣ ሊሆንም አይችልም። ካርቦን 14 በየ5730 ዓመቱ ግማሹ ይጠፋል፣ ከ50 ሺህ ዓመት በኋላ ለመለካት የሚበቃ አይቀርም፣ እሷ ደግሞ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናት። በፈረንጆቹ 1974 አፋር ውስጥ ሐዳር የሚባል ቦታ ላይ ስትገኝ አጥንቱ ያለበት ደለል ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ተነባብሮ ነበር፣ የተለካው አመዱ ነው፣ ሰዓቱም ፖታሲየም 40 ነው። ሶስቱን ቁጥር ጻፉለት፣ 19 ፕሮቶን፣ 21 ኒውትሮን፣ 19 ኤሌክትሮን። ከፖታሲየም 40 ከፊሉ ሲፈርስ አንዱ ፕሮቶን ኤሌክትሮን ይውጥና ኒውትሮን ይሆናል፣ ስለዚህ 18 ፕሮቶን፣ 22 ኒውትሮን፣ 18 ኤሌክትሮን። ማሱ 40 እንደሆነ ነው ግን ፕሮቶኑ ተነካ፣ መታወቂያው ተቀየረ፣ አርጎን ሆነ። አርጎን ደግሞ 2፣ 8፣ 8 ስለሆነ ታክሲው ሙሉ ነው፣ ከማንም ጋር ቦንድ አይሰራም፣ ዓለቱ ቀልጦ ሳለ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝና ሲጠጥር ግን አዲስ የሚፈጠረው መውጫ ያጣል። ሰዓቱ ከዜሮ ጀመረ ማለት ነው። ፖታሲየም 40 ግማሹ ለመጥፋት 1.25 ቢሊዮን ዓመት ስለሚፈጅበት ለሚሊዮን ዓመታት ይበቃል። ሐዳር ላይ የተሰራበት የዚሁ ዘዴ የተሻሻለው ነው፣ አርጎንን ከአርጎን ጋር የሚያወዳድረው።

ወደ ቦንድ። አስተማሪዎች "አዮኒክ ቦንድ ጋብቻ ነው፣ ሶዲየም ሰጠ ክሎሪን ተቀበለ ተጋቡ" ይላሉ፣ እኔም እንደዛ ነው የተማርኩት፣ ግን ይሄ ምሳሌ በኋላ ያሳስታል ባይ ነኝ። ጨው ውስጥ ጥንድ የለም። አንድ ሶዲየም ስድስት ክሎራይድ ከበውታል፣ አንዱ ክሎራይድም በስድስት ሶዲየም ተከቧል፣ ማን የማን ኤሌክትሮን እንደወሰደ የሚያውቅ የለም፣ ጋብቻ ሳይሆን ሰፈር ነው። ዳናኪል ላይ አፋሮች ቆርጠው ግመል ላይ የሚጭኑት አሞሌ ከዳር እስከ ዳር እንደዚህ የተደረደረ ነው፣ "አንድ የጨው ሞሎኪዩል" ብላችሁ ነጥላችሁ የምታወጡት ራሱን የቻለ የአቶሞች ቡድን የለውም። ኃይሉም ያለው እዛው ሰፈሩ ውስጥ ነው። ከአንድ ሞል (ኬሚስቶች አቶም የሚቆጥሩበት ትልቅ ጥቅል) ሶዲየም ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 496 ኪሎጁል ይከፈላል፣ ክሎሪን ሲቀበል የሚመልሰው 349 ብቻ ነው፣ እስከዚህ ድረስ ኪሳራ ነው። ትርፉ የሚመጣው አዮኖቹ ሲደራረቡ ነው፣ 787 ኪሎጁል ይለቀቃል። ስለዚህ "ሶዲየም መስጠት ይፈልጋል" የሚለው (እኔም በታክሲው ያልኩት) አነጋገር ነው፣ ሒሳቡን የሚዘጋው መደራረቡ ነው።

ፎርሙላ መጻፍ ሲመጣ ቁጥር ማሻገር የሚሉትን ዘዴ ሁሉም ያውቀዋል፣ ለምን እንደሚሻገር ግን ይረሳል። ድምሩ ዜሮ እንዲሆን ነው። ካልሲየም ፕላስ ሁለት ነው፣ ክሎራይድ ማይነስ አንድ፣ ስለዚህ ለአንድ ካልሲየም ሁለት ክሎራይድ። አሉሚኒየም ፕላስ ሶስት ኦክሳይድ ማይነስ ሁለት፣ ሁለት አሉሚኒየም ለሶስት ኦክሲጅን፣ ስድስት ለስድስት። ማግኒዥየምና ኦክሲጅን ላይ ግን ሁለት ለሁለት ብላችሁ አትተዉት፣ አንድ ለአንድ አድርጋችሁ አሳጥሩት፣ ይቺ ነጥብ በየፈተናው ትቆረጣለች።

ኮቫለንት ማጋራት ነው። ሁለት ኖንሜታል ሲገናኙ ሁለቱም "አንድ ሰው" እያሉ የሚጮሁ ታክሲዎች ናቸው፣ ማንም የሚያወርድ የለም፣ ስለዚህ ወንበሩን በጋራ ይቆጥሩታል። ስንት ቦንድ እንደሚሰራ ለማወቅ ከስምንት የውጪውን ኤሌክትሮን ቀንሱ፣ ክሎሪን 8 ሲቀነስ 7 አንድ፣ ኦክሲጅን ሁለት፣ ናይትሮጅን ሶስት፣ ካርቦን አራት፣ ሃይድሮጅን ብቻ ጋቢና ስለሆነ ከሁለት ነው የሚቀነሰው፣ አንድ። ለቀላል ሞሎኪዩሎች በደንብ ይሰራል። ናይትሮጅን ከራሱ ጋር ሶስቱንም ሲያጋራ ሶስት እጥፍ ቦንድ ይሆናል፣ እሱን ለመስበር 945 ኪሎጁል በሞል ይጠይቃል። አየሩ 78 በመቶ ናይትሮጅን ሆኖ ሳለ ገበሬው ዩሪያ በብር የሚገዛው ለዚህ ነው፣ ጤፉ ናይትሮጅን ውስጥ ቆሞ ናይትሮጅን ይርበዋል፣ ቦንዱን ሰብሮ የሚሰጠው ፋብሪካ ወይ አተርና ባቄላ ሥር ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። እግረ መንገዴን፣ ቦንድ ሲሰበር ኃይል ይወጣል የሚል ካለ ተሳስቷል፣ ለመስበር ይከፈላል፣ ሲሰራ ነው የሚወጣው።

የቱ አዮኒክ የቱ ኮቫለንት እንደሆነ ለመለየት ሜታልና ኖንሜታል ከሆነ አዮኒክ፣ ሁለቱም ኖንሜታል ከሆኑ ኮቫለንት ብላችሁ ጀምሩ፣ ግን እዛ ላይ አትቁሙ። አዮዲን ያለው ጨው ውስጥ የሚጨመረውን ፖታሲየም አዮዴት ውሰዱ፣ እንቅርት እንዳይወጣ ተብሎ የሚገባው ማለት ነው። አዮዲኑ ከሶስት ኦክሲጅን ጋር በኮቫለንት ተያይዟል፣ ግን አራቱ አንድ ላይ ማይነስ አንድ ቻርጅ አላቸው፣ ያ ቡድን በሙሉ ደግሞ ከፖታሲየም ፕላስ ጋር በአዮኒክ ይሳሳባል። አንድ ውህድ ውስጥ ሁለቱም ቦንድ አለ፣ "አዮኒክ ነው ወይስ ኮቫለንት" የሚል ጥያቄ ሲመጣ የትኛው ቦንድ ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁ።

ቤት ውስጥ ማየት ለሚፈልግ፣ አዋቂ ሰው አጠገብ አድርጋችሁ አሮጌ የብረት ማንኪያ ላይ ትንሽ ስኳር አድርጋችሁ እሳት ላይ ያዙ፣ እጀታውን በጨርቅ። ወዲያው ይቀልጣል ከዛ ቡናማ ይሆናል። ስኳር ሞሎኪዩል ነው፣ ሞሎኪዩሎቹ እርስ በርስ የተያያዙት በደካማ መሳሳብ ስለሆነ 186 ዲግሪ አካባቢ ይለቃል። አሁን ጨው ሞክሩ፣ ቸብ ቸብ ሊል ይችላል፣ ያ ውስጡ የተያዘ ውሃ እየፈነዳ ነው፣ አይቀልጥም፣ ሰፈሩን ለማፍረስ 801 ዲግሪ ይፈልጋል። የቀለጠ ስኳር ጠብታ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ያቃጥላል፣ እባካችሁ በጣት አትቅመሱት።

ሁለተኛው ሙከራ፣ ማደያ ላይ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ዲስቲልድ ውሃ (አሲዱን አይደለም) በሁለት ብርጭቆ ቅዱ፣ አንዱ ላይ ስኳር አንዱ ላይ ጨው። ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ከአሮጌ መጫወቻ የወጣች ትንሽ ኤልኢዲ መብራትና ሽቦ ካላችሁ መስመሩን በውሃው ውስጥ አሳልፉት። ጨዉ ጋር ትበራለች፣ ስኳሩ ጋር አትበራም፣ አዮኖች ተለያይተው ስለሚሄዱ ነው ቻርጅ የሚያሻግሩት። ሽቦው ላይ አረፋ ስታዩ አንሱት፣ ትንሽ ክሎሪን ሊኖርበት ስለሚችል መስኮት ክፈቱ፣ ከግድግዳ ሶኬት ጋር ደግሞ በጭራሽ፣ በጭራሽ እንዳትሞክሩት። ውሃ አልኩ ብላችሁ የቧንቧ ውሃ እንዳትጠቀሙ፣ ራሱ አዮን ስላለው ስኳሩም የሚያበራ ይመስላችኋል። (ሽቦው ራሱ የሚያስተላልፈው ሜታሊክ ቦንድ ስላለው ነው፣ የመዳብ አቶሞች የውጪ ኤሌክትሮናቸውን ለማህበሩ ለቀውታል፣ የማንም ስላልሆነ የትም ይሄዳል።)

በመጨረሻ ለልጁ የሰጠሁትን ጥያቄ ልተውላችሁ። ክሎሪን 37 ማይነስ አንድ፣ አርጎን 38፣ ፖታሲየም 39 ፕላስ አንድ፣ ካልሲየም 40 ፕላስ ሁለት። ለአራቱም ሶስቱን ቁጥር ጻፉ። ስትጨርሱ አራቱም 20 ኒውትሮን፣ አራቱም 18 ኤሌክትሮን ሆነው ታገኟቸዋላችሁ፣ የሚለያዩት በፕሮቶን ብቻ ነው፣ 17፣ 18፣ 19፣ 20፣ አንዱ ጨው ውስጥ ነው፣ አንዱ አየር ላይ፣ አንዱ ሙዝ ውስጥ፣ አንዱ አጥንታችሁ ውስጥ። ልጁ ትንሽ አየውና "ቲቸር ከክሎሪን በፊትም አንድ መኖር አለበት" አለኝ። ማን ነው ስለው ጥግ ላይ 16፣ 20፣ 18 ብሎ ጻፈ፣ ከሥሩ ሰልፈር 36፣ ማይነስ ሁለት።